ውኃ የማይወደው አበባ

ሊማሶል፣ ቆጵሮስ
ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

እናቴ ካረፈች ወዲህ እናቴ ለሆኑት ለአክስቴ ለእትዬ የብርጓል፤

ከባሕር ማዶ ሆኜ የእርስዎንና የአያ እንዳላማውን ጉልበት እስማለሁ። ክረምቱን እንዴት ተወጣችሁት? ከብቱስ፣ ንቡስ ደኅና ከረመ? እኔ በጤናዬ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልል። እመቤታችን ቤታችሁን ከክፉ ትጠብቅልኝ።

ስልክ እያለ ወረቀት መላኬ ይገርምዎ ይሆናል። ስልኩ እሺ ባለ ቀን ልጄ ማርያማዊት ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማለች፤ እርስዎ የልብዎን አይነግሩኝ፣ እኔም የልቤን አልነግርዎ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ።

ይህን የምታደርስልዎ ሥራነሽ የአማኑኤል ልጅ ናት። እዚህ ጎረቤቴ ያለ ቤት ትሠራለች፤ ለእረፍት አገር ቤት መግባቷ ነው። በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ትሰጥዎታለች። ደረቅ ሣር መስሎዎ እንዳይጥሉት፤ ሦስት ችግኞች ናቸው። ላቬንደር ይባላል። ቅጠሉ ከጦስኝ ረዘም ይላል፤ አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ሽታው ደግሞ ልብስ ውስጥ ቢያስቀምጡት ዓመት አይለቅም። የማስታምማቸው አሮጊት፣ እሜቴ እሌኒ፣ ግቢያቸው ድንጋይ ብቻ ነው። በጋውን ሙሉ ጠብታ ዝናብ የለም። ሌላው ሁሉ ሲቃጠል ይሄ ያብባል።

የላክሁት ማርያማዊት ስለጠየቀችኝ ነው። ባለፈው በስልክ «እናቴ፣ አንቺ ያለሽበት ምን አለ?» አለችኝ። እኔም ስለዚሁ አበባ አወራኋት። «ላኪልኝ» አለች። እትዬ፣ ልጄ ከእኔ አንድ ነገር ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። ጡት አስጥያት የሄድሁ እናት አበባ ስልክላት ራሴን ያሳፍረኛል፤ ግን ላክሁ።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ፀሐይ የማይለየው፣ ተዳፋት ቦታ ይምረጡለት። አፈሩ ጠጠር ይቀላቀልበት። ፍግ አይወድም። ውኃም አይወድም፤ ከጸደቀ በኋላ መሬቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ብቻ ትንሽ ይበቃዋል።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብያታለሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አደራዎን፣ እስከዚያ እሷንም አበባውንም።

ልጅዎ ዓይናዲስ

ሉማሜ አጠገብ
ጥር 23 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናዲስ፤

አባ ገብረ ማርያም፣ ቆጵሮስ የሐዋርያው የበርናባስ አገር ናት ብለውኛል። በርናባስን የጠበቀ አምላክ አንቺንም ይጠብቅሽ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ያለሽበት አገር ትንሽ ቀረብ ብሎኛል። ፊደሌን አትሳቂበት፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማርሁት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፍለት ሰው አልነበረኝም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከክፉው ልጀምር። ከሦስቱ ችግኝ ሁለቱ ሞተዋል። የገደልናቸው እኛ ነን።

አታጠጡት ማለትሽን አንብቤዋለሁ፤ ማርያማዊትም ያንን ክፍል ብቻ ሁለት ጊዜ አንብባልኛለች። ግን እስኪ ፍረጅ፤ እንግዳ መጥቶ ውኃ የሚነፈገው የት አገር ነው? ያውም ከአንቺ የመጣ እንግዳ! እኔ ማርያማዊት ሳታይ አጠጣለሁ፤ እሷ እኔ ሳላይ ታጠጣለች። እንዳላማው ደግሞ ሁለታችንም ሳናይ የበሰለ ፍግ አምጥቶ ሥሩ ላይ ቆልሎበታል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ጠማው ብለን ጨመርን። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጠበል ቀዳሁና እሱንም አፈሰስሁበት። ጠበሉም ለሥሩ ያው ውኃ ነውና አበሰበሰው፤ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ።

ማርያማዊት የሞቱትን ነቅላ ሥራቸውን ስታይ ጥቁር ሆኗል። «እናቴን ምን እላታለሁ?» ብላ ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የሰው አደራ በእጄ ሞተ ማለት ነው። አበባ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብል ልቤ እንቢ አለኝ፤ ሌላም አደራሽ በእጄ አለና።

የተረፈችውን እንዳላማው ከጓሮ አነሣና ከማሳው ዳር፣ ንቦቹ ካሉበት በላይ፣ የተለቀመው ድንጋይ የሚከመርበት ቦታ ወስዶ ተከላት። «ይቺ እንደ ፍየል ናት፤ ድንጋይ ላይ ካልሆነ አትኖርም» አለ። አፍ ሞልቼ አልናገርም እንጂ ከሰሞኑ አናቷ ላይ አዲስ ቅጠል አይቻለሁ። ማርያማዊት ማንም ጣሳ ይዞ እንዳይጠጋ ዙሪያውን እሾህ አጥራለታለች። እኔንም ጨምሮ ማለቷ ነው።

ልጅቱ ተማሪ ቤት ትመላለሳለች። ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን ነገረኛ ናት፤ ይሄንስ ከአንቺ ነው ያመጣችው። ፋሲካ መቼ እንደሚውል በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኔም ምን እንደምትወጂ ረስቼ እንዳይሆን ከአሁኑ እያሰብሁ ነው። ነይ ብቻ።

አክስትሽ የብርጓል

ሊማሶል
ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ የብርጓል፤

ከሰላምታ በፊት ይቅርታ ይቅደም። ሁዳዴውን በሰላም ፈታችሁ? ፋሲካ አልፎ፣ በዓለ ሃምሳም አልፎ፣ ክረምት ገባ፤ እኔ ግን አልመጣሁም፤ ለምን እንዳልመጣሁም ሳልጽፍ ቆየሁ። እሜቴ እሌኒ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ከእኔ በቀር የሚያነሣቸው የለም። ለፋሲካ አገር ቤት ገብታ የነበረችው ሥራነሽ፣ ማርያማዊት መንገድ ዳር ወጥታ አውቶቡስ ትጠብቅ እንደነበር ነገረችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ብዕር ማንሣት አቃተኝ።

ስለ ሁለቱ ችግኞች አይዘኑ። እኔም እዚህ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ የእሜቴ እሌኒን ሁለት ቁጥቋጦ በውኃ ገድያለሁ፤ ዝም ብዬ ሲጠማው ማየት አልችል ብዬ። እሳቸው ተቆጥተው «ለዚህ ደግነትሽን አሳንሺለት» አሉኝ።

አሁን ክረምት ስለሆነ የሚያሰጋው እሱ ነው። የእናንተ ዝናብ በአንድ ሳምንት የሚጥለው እዚህ በዓመት አይጥልም። ከላይ በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ አያ እንዳላማው ይቆፍሩለት። ሥሩ ዙሪያ አፈር ሳይሆን ጠጠር ይደረግበት፤ ቅጠሉ እርጥብ መሬት ላይ ካልተኛ ይተርፋል።

ካበበ በኋላ መከርከም አለበት፤ ካልተከረከመ ይሰነጠቃል። ለማርያማዊት ይንገሩልኝ፦ የሚቆረጠው አረንጓዴው ብቻ ነው። እንጨት የሆነውን አትንካ፤ ከዚያ ላይ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም። ማብዛት ከፈለገች ካላበበ ጫፍ ላይ አንድ ጣት ያህል ትገንጥል፤ የታችኛውን ቅጠል ትመልጥና አሸዋ ውስጥ ትሰካ። በጥላ ይቆይ። ሥር ሳያወጣ እየነቀለች አትይ፤ እኔ እንደዚያ እያደረግሁ ብዙ አጥፍቻለሁ።

የትምህርት ቤት ጫማና ደብተር በሥራነሽ ወንድም በኩል ይደርሳል። ቁጥሩን በግምት ነው የገዛሁት። እግሯ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ ሻጩ «የልጅሽ ዕድሜ ስንት ነው?» ሲለኝ ደግሞ ጥቂት ማሰብ ነበረብኝ። ይህን ለማንም አይንገሩብኝ።

ለሚመጣው ዓመት እመጣለሁ። መቼ እንደሆነ ግን አሁን አልናገርም፤ እንዳትጠብቅ።

ዓይናዲስ

ሉማሜ አጠገብ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናዲስ፤

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ሥራሽን ያቅናልሽ፣ አሮጊቷንም ይማርልሽ። ጫማው ጠቧት ነበር፤ ግን አውልቂ ብላት እንቢ ብላ ተረከዟ እስኪላጥ አደረገችው። አሁን ከአልጋዋ ራስጌ አኑራዋለች።

የምሥራች ልንገርሽ። አበባሽ አበበ! መስቀል አልፎ ጥቢው ሲጠና ከድንጋዩ ክምር ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ብቅ አለ። ንቡ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱ ላይ ሰፈረ። እንዳላማው በኅዳር ማር ሲቆርጥ ከዚያ በኩል ያለው ቀፎ ማሩ ነጣ ብሎ፣ ሽታውም ለየት ብሎ ወጣ። ማርያማዊት በመቀስ ስትከረክመው ብታዪያት! ሐኪም መስላ። እኔ አንድ የደረቀ ግንድ ልቁረጥ ብዬ እጄን ብሰድ «አትንኪ፣ እናቴ አትንኩ ብላለች» ብላ መታችኝ። ከጫፉ ገንጥላ አሸዋ ውስጥ ከሰካቻቸው ብዙዎቹ ጸድቀዋል። ለጎረቤት ስትሰጥ «ውኃ ካጠጣችሁት እቀማችኋለሁ» ብላ አስምላ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን ያስያዘኝ ነገር ይሄ አይደለም።

እንዳላማው አርጅቷል። ደረቱን ያመዋል። እኛ እንደምታውቂው ልጅ አልሰጠንም። እሱ ዓይኑን ከከደነ መሬቱ ለወንድሙ ልጅ ለመሳፍንት ነው። መሳፍንት ክፉ አይደለም፤ ግን ከአሁኑ ድንበሩን እየረገጠ ይመለሳል። ያን ጊዜ እኔና ማርያማዊት የሰው ጥገኛ ነን። እንዳላማው ይህን አስቦ «ማርያማዊትን የጡት ልጅ እናድርጋት» አለኝ። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፤ በሽማግሌና በካህን ፊት ጡቴን ማር ቀብቼ እንድትጠባ፣ እሱም ጣቱን ማር ነክሮ እንዲያልሳት ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካትም፤ በሕግም በቃልም ልጃችን ናት።

እኔ ሳላመነታ እሺ ማለቴን አልደብቅሽም። ሌት ቆጥሬ ባሳደግኋት ልጅ እማ መባል እወዳለሁ። ይህን ስጽፍ ግን ልጅሽን የምሰርቅብሽ መስሎ ተሰማኝ። ወላድ በድባብ ትሂድ ይባላል፤ እኔ ግን የወላድ ድባብ የምቀማ ሆንሁ።

አባ ገብረ ማርያም ጠንክረው ተናገሩን። «እናቷ በሕይወት ሳለች ያለ እናቷ ፈቃድ አላደርገውም። እናቷ እሺ ካለች ይሁን፤ አይሆንም ካለች ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ» አሉ። ማርያማዊት እዚያው ተቀምጣ ትሰማ ነበር። «እንጻፍላት?» ብላት «ጻፉላት» አለች። ቶሎ ጻፊ ብላ የምትነዘንዘኝም እሷው ናት። ዛሬ ጠዋት ሳይቀር ወረቀቱን አቀረበችልኝ። እኔም ልጅቱ ይህን ያህል ከወደደችው ብዬ ደፈርሁ።

ሥራነሽ ሁለት ጊዜ መጥታ ስትመለስ አይተናል። አንቺን ለምን አትመጪም ብዬ አልጠይቅሽም። ፈቃድሽን ብቻ ላኪልኝ፤ ወይም ክልከላሽን።

አክስትሽ የብርጓል

ሊማሶል
ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ የብርጓል፤

እንደምን ከረማችሁ? የአያ እንዳላማውን ደረት እግዚአብሔር ይማርልን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጥምቀት ሰሞን ነው። መልሱ የዘገየው መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ጽፌ እየቀደድሁ ነው።

መጀመሪያ የጻፍሁት «አይሆንም» የሚል ነበር። ልጄ ናት፣ ማንም ጡት አያጠባብኝም፣ መጥቼ እወስዳታለሁ የሚል። አንብቤው አፈርሁ። ወስጄ የት ላደርሳት? እኔ የምተኛው ከእሜቴ እሌኒ አልጋ ሥር ነው። የማልሰጣትን ነገር ለምን ሌላ ሰው እንዳይሰጣት እከለክላለሁ?

እትዬ፣ እርስዎ ባይጠይቁኝም ስለመምጣቴ እውነቱን ማወቅ ይገባዎታል። እሜቴ እሌኒ አምና በፋሲካ ሰሞን ድነው ነበር። ሂጂ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ትኬትም ነበረኝ። ሻንጣዬን ዘግቼ አልጋ ላይ ተቀመጥሁና ማርያማዊት ከአውቶቡስ ስወርድ አይታኝ ከእርስዎ ቀሚስ ኋላ ስትሸሸግ ታየኝ። ፈራሁ። ልጄን ፈርቼ ቀረሁ። ዘንድሮም እንደዚያው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሷ ራሷ ቶሎ ጻፊ እያለች ከነዘነዘችዎ መልሱ ግልጽ ነው። የምትወዳትን እናት አግኝታለች። ስለዚህ እሺ ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ አባ ገብረ ማርያም በሽማግሌዎቹ ፊት ያንብቡት፦ እኔ ዓይናዲስ፣ ልጄ ማርያማዊት የአክስቴ የየብርጓልና የአያ እንዳላማው የጡት ልጅ እንድትሆን በሙሉ ልቤ ፈቅጃለሁ። ከእንግዲህ በእሷ ላይ ጥያቄ የለኝም።

ማሩን የሚቀቡት ከዚያኛው ቀፎ ቢሆን ደስ ይለኛል። እንዲያ ከሆነ እኔም ትንሽ የላክሁት ነገር ይኖራል።

ዓይናዲስ

ሉማሜ አጠገብ
ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናዲስ፤

አምላክ ይጠብቅሽ። ይህን ደብዳቤ የሥራነሽ ወንድም በቶሎ እንዲያደርስልን ለምነነዋል፤ አንብበሽ እንዳትቀመጪ።

ሥርዓቱን ለእመቤታችን በዓል ለሰኔ ሃያ አንድ ቆረጥነው። ጠላ ጠመቅሁ፣ የጾም ወጥ ሠራሁ፣ መሳፍንት ሳይቀር መጣ። ማርያማዊት ገላዋን ታጥባ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ያንቺን ጫማ ተረከዙን ረግጣ ተጫምታ ከደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ግቢ ብላት አትገባም። መንገዱን ታያለች። እኔ ደስታ መስሎኝ።

አባ ገብረ ማርያም ጸሎት አድርሰው ደብዳቤሽን ቆመው አነበቡት። ፍርሃትሽን የጻፍሽበትን ዘለውልሻል፤ እሺታሽን ብቻ ነው ያነበቡት። ሽማግሌዎቹ አመሰገኑሽ። «እንዲህ ያለች እናት ትባረክ» አሉ። እኔ እንባዬ መጣ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልጅ ደረቴ ላይ አፉን አኑሮ አያውቅም። እንዳልሽው ከዚያው ቀፎ ማሩን ቀባሁና «ነይ ልጄ» አልኋት።

መጣች። ጭኔ ላይ ተቀመጠች። አፏን ግን አልከፈተችም። ሽማግሌዎቹ «አይዞሽ፣ አትፈሪ» አሏት። ማሩ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ፤ እሷ ከንፈሯን እንደነከሰች ነው። አባ ጎንበስ ብለው «ምነው ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም ወይ ቶሎ ይጻፍላት ያልሽው?» ቢሏት ምን አለች መሰለሽ? «ልጄን ለሰው አልሰጥም ብላ የምትመጣ መስሎኝ ነው» አለች።

ዓይናዲስ፣ በዚያ ቤት የሞላው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ወርቅ የመሰለ እሺታሽ ነው የጎዳት። ከታኅሣሥ ጀምሮ ክልከላሽን ስትጠብቅ ኖራለች። እኔ ደግሞ በጉጉቴ ታውሬ ያን ሁሉ ንዝነዛ ለእኔ ፍቅር አደረግሁት። ትወደኛለች፤ ይሄን አልክድም፣ እሷም አትክድም፤ ማታ ከጎኔ ተኝታለች። ግን የጡት ልጄ ልትሆን ነው መባሉ አንቺን ያስመጣልኛል ብላ ነው ያሰበችው። አንቺ ፈርተሽ፣ እኔ ጎምጅቼ፣ ሁለታችንም ስለ እሷ ስንወስን፣ ልቧ ምን እንደሚሻ እሷን የጠየቃት ሰው የለም።

አባ ገብረ ማርያም ማሩ ተጠርጎ እንዲነሣ አደረጉ። «አልቀመሰችም፤ ስለዚህ አልተፈጸመም» ብለው ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ። ለመሬቱ ሌላ መላ አይጠፋም፤ እንዳላማው በኑዛዜ ይሁን ብሏል፣ መሳፍንትም የልጅቱን ቃል ከሰማ በኋላ ሲወጣ ዓይኑን እየጠረገ ነው የሄደው።

የላክሽውን እሺታ በዚህ ውስጥ አጥፌ መልሼልሻለሁ። እኔ ጋ እንዲኖር አልፈልግም። ከአውቶቡስ ስትወርጂ ከቀሚሴ ኋላ ብትሸሸግስ? አንድ ቀን ትሸሸጋለች፤ ሁለት ቀን ትሸሸጋለች፤ ከዚያ ነገረኛ አይደለች፣ ራሷ ወጥታ ትጣላሻለች። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ። ሌላ ምክር የለኝም፤ ይቅር በይኝ።

ማርያማዊት ከግርጌ ትንሽ ቦታ ተዪልኝ ብላኛለች። ምን እንደምትጽፍ እንዳላይ ፊቴን አዙሪ ስላለችኝ እዚህ ላይ አበቃሁ።

አክስትሽ የብርጓል

እናቴ እኔ ማርያማዊት ነኝ። ከአበባው ሁለት ችግኝ ለአንቺ አስቀምጫለሁ። አባ የአንቺን ደብዳቤ ሲያነቡ ሰማሁ። ሌላ ጻፊ። አይሆንም በይ።